ሬቶሪክ ለጤና ተማሪ ምን ያደርግላታል?

ጥያቄው የመጣው ከደሴ ነው። ጠያቂዋ የአራተኛ ዓመት የጤና መኮንን ተማሪ ናት። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«መምህር፣ በምርጫ ከሚሰጡን ኮርሶች አንዱ ሬቶሪክ የሚባል ነው። ወንድሜ ‹የነገረ ፈጅ ትምህርት ነው፣ ሰው ማታለያ› አለኝ። አያቴ ደግሞ ዋድላ ቅኔ የተማሩ ናቸው፤ ‹ግሪኮች ያሉትን እኛ በቅኔ ጨርሰነዋል› ይላሉ። ጓደኞቼ የሦስት ቀን የንግግር ስልጠና ወስደው ሰርተፊኬት ይዘው መጡ። እኔ የሳይንስ ተማሪ ነኝ፤ በሳይንስ የሚናገረው ማስረጃው ራሱ ነው። ታዲያ ይህ ትምህርት ከየት የመጣ ነው? ለእኔስ ምን ይሠራልኛል?»

ከሁሉም የተሳሳተው የመጨረሻው ሐሳብሽ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ማስረጃ አይናገርም። የሚናገርለት ሰው ይፈልጋል፤ ያ ሰው ካበላሸው ማስረጃውም አብሮ ይበላሻል። ይህን ከራስሽ ሙያ ታሪክ ላሳይሽ። በ1847 (ካልጠቀስኩ በቀር ዓመታቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ቪየና ውስጥ ኢግናዝ ሴመልቫይስ የሚባል ሐኪም የወላዶች ክፍል ይሠራ ነበር። ሐኪሞቹና ተማሪዎቹ አስከሬን ሲመረምሩ ቆይተው እጃቸውን በቅጡ ሳያጸዱ ወደ ወላዶቹ ይመጣሉ። እሱ በክሎሪን ውሃ ካልታጠባችሁ አትገቡም አለ። በዚያ ዓመት ኤፕሪል ከመቶ እናቶች 18 ያህሉ ሲሞቱ፣ ደንቡ ከወጣ በኋላ በጁንና በጁላይ ቁጥሩ ከመቶ 3 በታች ወረደ። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ከየት ይመጣል? ሰውየው ግን ለዓመታት በራሱ ስም ሳይጽፍ ቆየ። በ1861 ያወጣው መጽሐፍም ረጅምና የተወሳሰበ ሆነ። ያልተቀበሉትን ባልደረቦቹን በግልጽ ደብዳቤ «ነፍሰ ገዳይ» እያለ ሰደባቸው። በ1865 በአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ሞተ፤ የሙያው ዓለም የተቀበለው ከዚያ በኋላ ነው። ሁሉንም በአንደበቱ አላላክክም፤ ስለ ጀርሞች የሚያስረዳው ንድፈ ሐሳብ ገና አልተስፋፋም፣ የሆስፒታሉ ሽኩቻም ነበረበት። ሆኖም ማስረጃ በራሱ የሚናገር ቢሆን ኖሮ ከ18 ወደ 3 የወረደው ቁጥር ብቻውን በበቃ ነበር።

ሬቶሪክ የሚለው ስም በአማርኛ ጥሩ አቻ ስላላገኘ ገና ከጅምሩ ያሳስታል። ርቱዕ አንደበት፣ ሥነ ንግግር፣ የንግግር ጥበብ እንላለን፤ ሦስቱም ወደ አፍ ይጠቁማሉ። አርስቶትል ግን ሥራውን ያስቀመጠው በዓይን ነው፤ በእያንዳንዱ ጉዳይ ላይ ለማሳመን የሚያገለግለው ምን እንደሆነ ለይቶ የማየት ችሎታ ነው ይላል። ሰውን አሳምኖ መመለስ የጥበቡ መለኪያ አይደለም። ምሳሌ የሚያደርገው ደግሞ ሕክምናን ነው፦ የሐኪም ግዴታ ሁሉን ማዳን ሳይሆን ለመዳን የሚቻለውን ማድረግ ነው፤ የማይድንንም ሰው በአግባቡ ማከም ይቻላልና። አንቺ ይህን አባባል ከክፍል ጓደኞችሽ ጋር ብታነቢው ከፍልስፍና ተማሪዎች ይልቅ ቶሎ ይገባችኋል።

ወንድምሽ «የነገረ ፈጅ ትምህርት» ማለቱ፣ ታሪኩን ሳያውቅ ጫፉን ነክቶታል። በትውፊት እንደሚነገረው ትምህርቱ የተጀመረው ሲሲሊ ደሴት ላይ፣ ሲራኩስ በምትባል ከተማ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው ምዕት ዓመት ነው። አምባገነኖቹ ሲወድቁ መሬቱ የተነጠቀበት ሁሉ ፍርድ ቤት ቆመ፤ ኮራክስና ቲሲያስ የሚባሉ ሰዎች ለተሟጋቾቹ የክርክር አካሄድ ማስተማር ጀመሩ። የመሬት ሙግት ነው የወለደው ማለት ነው። ወሎ ውስጥ ይህን ለማስረዳት ብዙ መድከም የለብኝም።

በ427 ከክርስቶስ ልደት በፊት ከዚያው ደሴት ጎርጊያስ የሚባል ተናጋሪ መልእክተኛ ሆኖ አቴና ገባና ከተማዋን በአነጋገሩ አፈዘዘ። ፕላቶ በስሙ በጻፈው ውይይት ውስጥ ጎርጊያስ እንዲህ እያለ ይኮራል፦ ሐኪም ከሆነው ወንድሜ ከሄሮዲኮስ ጋር ወደ በሽተኞች እሄዳለሁ፤ መድኃኒት አልጠጣም፣ አልቆረጥም፣ አልተኮስም ብሎ ሐኪሙን እምቢ ያለውን በሽተኛ እኔ በንግግር ብቻ እሺ አሰኘዋለሁ። ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ያለፈው ይህ ወሬ ዛሬ አንቺ ክትባት አላስከትብም ካለች እናት ጋር የምታደርጊው ነው። ፕላቶ ግን አልተደሰተም። በዚያው ውይይት ሬቶሪክ ለፍትሕ ማለት የምግብ ማጣፈጥ ለሕክምና ማለት ነው ብሎ መታው፤ ያጣፍጣል እንጂ አያድንም። የወንድምሽ ክስ እንግዲህ የፕላቶ ክስ ነው፤ እኛም «አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ» ብለን ስንተርት የኖርነው ነው። ክሱ ባዶ አይደለም። ነገር ግን ቢላ ስለሚወጋ ቀዶ ሕክምና ይቅር አይባልም፤ ፕላቶም ራሱ ፋይድሮስ በሚለው ሌላ ውይይቱ የሰሚውን ነፍስ የሚያውቅና እውነቱን የሚያውቅ ተናጋሪ ቢገኝ ጥበቡ ክቡር እንደሚሆን አምኗል።

አሁን ወደ ፍሬው ልግባ። አንድ ጊዜ ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ቃሉ ወረዳ ውስጥ ሽምግልና ተቀምጬ ነበር። ዋርካ ሥር ነው፤ ሼሁም አሉ፣ ቄሱም አሉ። ዱአ ተደረገ፣ ነገሩ ተከፈተ። ከሳሽ «በሬህ ገብቶ ማሽላዬን በላብኝ» አለ። ተከሳሹ መጀመሪያ «በሬዬ ያን ቀን ከደጄ ታስሮ ነው የዋለ» አለ። ያየ ሰው ሲመጣበት «መግባቱንስ ይግባ፤ የበላው ግን ማሽላ አይደለም፣ የታጨደ አገዳ ነው፤ አገዳ ላይ የማን ከብት ያልገባ አለ?» አለ። ያም አልሄድ ሲለው «ገመዱን ያስበጠሰው የራሱ ልጅ ነው፣ በድንጋይ እያሯሯጠ» አለ። በመጨረሻ «ለነገሩ ጉዳዩ ቀበሌ ተከፍቷል፤ እናንተ ምን አገባችሁ?» ብሎ ሊነሣ ሲል አንድ ሽማግሌ በከዘራቸው መሬቱን መታ መታ አድርገው «አንተ ሰው፣ አንዱ ላይ ቁም እንጂ! ወይ አልገባም በል፣ ወይ ገብቶ አገዳ በላ በል» አሉት።

በሁለተኛው ምዕት ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ሄርማጎራስ የሚባል ግሪካዊ መምህር ይህንኑ አራት ደረጃ አድርጎ አስተምሮታል። ነገሩ ሆኗል ወይስ አልሆነም? ከሆነስ ምን ይባላል? በምን ሁኔታ ሆነ፣ ያስወቅሳል ወይስ ያስምራል? ይህንን ማየት የሚገባውስ ማን ነው? መጽሐፉ ጠፍቷል፤ ትምህርቱን የምናውቀው ሮማዊውን ሲሴሮን ከመሳሰሉ ከኋላው ከመጡት ነው። የዘዴው ስም በግሪክኛ ስታሲስ ነው፤ መቆሚያ ማለት ነው። ሽማግሌው ግሪክኛ አያውቁም፤ ቃሉን ግን ቃል በቃል ተናገሩት፦ አንዱ ላይ ቁም። የእኛም ፍርድ ቤቶች ሥራው አይጠፋቸውም፤ በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ዳኛው ምስክር ከመስማቱ በፊት ተከራካሪዎቹ በምን ላይ እንደማይስማሙ ለይቶ ጭብጥ ይይዛል። በእኔ አስተያየት ከጥንቱ ሬቶሪክ አንድ ነገር ብቻ ማዳን ቢፈቀድልኝ የማድነው ይህንን ነው።

ለአንቺ እንዴት ይሠራል? ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ስብሰባ ላይ ተቀምጠሻል እንበል። አንዱ «ኩፍኝ ገብቷል» ይላል፤ ሌላው «ቁጥር አናጋንን» ይላል። ጠጋ ብለሽ ብትሰሚ አንደኛው ሽፍታ ያለባቸው ልጆች አሉ ነው የሚለው፤ ሁለተኛው ሽፍታው ኩፍኝ መሆኑ በላቦራቶሪ አልታወቀም ነው የሚለው። ሦስተኛው ሰው ልጆቹ አሉ፣ ኩፍኝም ነው፣ ግን ወረርሽኝ ብሎ የማወጅ ሥልጣን የእኛ አይደለም ይላል። ሦስቱ በሦስት የተለያየ መቆሚያ ላይ ቆመው አንድ ነገር የሚከራከሩ ይመስላቸዋል። ስብሰባው እስከ ምሳ ሰዓት ይጎተታል፣ ልጆቹም ይቆያሉ። እዚያ ላይ «ይቅርታ፣ የማንስማማው በየትኛው ላይ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው ሲገኝ ሬቶሪክ ሥራውን ሠራ ይባላል። ድምፅ ማስረቅረቅ አላስፈለገም።

ታዲያ እንዲህ ያለ ትምህርት እንዴት የማስጌጫ ትምህርት ሆኖ ቀረ? ሮማውያኑ አምስት ሥራ ሰጥተውት ነበር፦ የሚባለውን ነገር ፈልጎ ማግኘት፣ ማደራጀት፣ ቃል ማልበስ፣ በቃል መያዝ፣ ማቅረብ። ኩዊንቲሊያን በመጀመሪያው ምዕት ዓመት መጨረሻ ላይ በአሥራ ሁለት መጻሕፍት ሕፃንን ከፊደል ጀምሮ እስከ ተናጋሪ ድረስ አሳደገበት፤ ተናጋሪ ማለትም መናገር የሚችል መልካም ሰው ነው አለ። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ከሰዋስውና ከሥነ አመክንዮ ጋር ሦስተኛው መሠረታዊ ትምህርት ሆነ። በአሥራ ስድስተኛው ምዕት ዓመት ግን ፓሪስ ላይ ጴጥሮስ ራሙስ የሚባል መምህር ማግኘትንና ማደራጀትን ወስዶ ለሥነ አመክንዮ ሰጠና ለሬቶሪክ አለባበሱንና አቀራረቡን ብቻ ተወለት። ሐሳቡ ከወጣ በኋላ ልብሱ ቀረ። ከዚያ በኋላ ሳይንቲስቶቹ ልብሱን መናቃቸው አያስገርምም፤ እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክም በ1690 የስሕተትና የማታለል መሣሪያ ብሎ ጻፈበት። በ1762 ኤድንበራ ላይ ሂዩ ብሌር የሬቶሪክና የሥነ ጽሑፍ ፕሮፌሰር ሆኖ ሲሾም ደግሞ ትምህርቱ ወደ ሥነ ጽሑፍ አደላ፤ ዛሬ የሥነ ጽሑፍ ክፍል የምንለው አንድ ሥሩ እዚያ ነው።

ወደ ሌሎቹ የትምህርት ዘርፎች የተመለሰው በሃያኛው ምዕት ዓመት ነው። በ1958 ሁለት መጻሕፍት በአንድ ዓመት ወጡ፤ ቤልጅግ ውስጥ ሻይም ፔረልማንና ሉሲ ኦልብሬሽትስ ቲቴካ፣ እንግሊዝ ውስጥ ስቴፈን ቱልሚን፣ ሰው በእውነተኛ ሕይወት የሚከራከረው በሒሳብ ዓይነት ማረጋገጫ እንዳልሆነ አሳዩ። በ1980ዎቹ ራሷ ኢኮኖሚስት የሆነችው ዴርድር ማክሎስኪ ኢኮኖሚስቶችን በቀመር ተሸፍናችሁ እናንተም በምሳሌና በታሪክ ነው የምታሳምኑት አለቻቸው። ሕግ ድሮም ቤቱ ነው፤ ስለሱ ማስረዘም አያስፈልግም።

በሕክምና ግን ልቆይ። በ1982 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት ላይ ሐኪሞች፣ በሽተኞችና ተማሪዎች ለሳንባ ካንሰር ከቀዶ ሕክምናና ከጨረር እንዲመርጡ ተጠየቁ። ለአንዱ ቡድን ከመቶ ሰው 90ው ከቀዶ ሕክምናው በሕይወት ይወጣል ተባለ፤ ለሌላው ከመቶ 10ሩ ይሞታል ተባለ። ቁጥሩ አንድ ነው። የሞቱ ቁጥር የተነገራቸው ግን ቀዶ ሕክምናውን የመረጡት በጣም ባነሰ ቁጥር ነው፤ ሐኪሞቹም ከዚህ አላመለጡም። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» የሚለውን ተረት ለጌጥ ስንጠቀምበት ኖረናል፤ ይኸው በቁጥር ተለካ። እዚህ ላይ አንድ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ ይህን ካወቅሽ በኋላ በሽተኛውን ወደ ፈለግሽው በሩን ከፍተሽ ማስገባት ትችያለሽ፤ ያ የጎርጊያስ መንገድ ነው። ለፈቃድ ስትጠይቂ 90ውንም 10ሩንም ንገሪ። ሁለቱንም።

አያትሽን ተሳስተዋል ለማለት አልደፍርም፤ ግማሹን ነው የነገሩሽ። ዋድላ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር ስሙ የሚጠራ የቅኔ ቤት ነው፤ በወሎ ምድር ከበቀለ ትምህርት ሁሉ የምኮራበትም እሱ ነው። የቅኔ ተማሪ በየቀኑ አዲስ ቅኔ ይቆጥራል፤ ሌላ ሰው ያለውን ቢያመጣ ይያዝበታል። ቤት ቢመታ፣ ቃሉ ቢያምር፣ ምስጢር ከሌለው መምህሩ ይመልሱታል። ጉባኤ ቃና የምትባለው አጭሯ የቅኔ ዓይነት ሁለት ቤት ብቻ ናት፤ በሁለት ቤት ሰሙንም ወርቁንም ማስገባት የማግኘትና የማደራጀት ሥራ ነው፤ ራሙስ ከሬቶሪክ የቆረጠው ያንኑ ነው። በዚህ በኩል የዋድላ ተማሪ ከአውሮፓው ተማሪ ይልቅ ሙሉውን ይዞ ቆይቷል። ግን ቅኔ ለተቃዋሚ መልስ የሚሰጡበት አይደለም፤ ለምስጋናና ለምስጢር ነው። ኃይሉም በመሸፈን ነው። አንቺ ለአንዲት እናት ፍሬ መድኃኒቱን በቀን ስንት ጊዜ እንደምትሰጥ ስትነግሪ ሰምና ወርቅ ከገባበት ልጁ አደጋ ላይ ነው። ለክርክሩ ወገን የሚቀርበው ከቅኔው ይልቅ የድሮው የችሎት ተጠየቅ፣ «በላ ልበልሃ» የሚባለው ነው።

እግረ መንገዴን፣ በወሎ የቅኔን ብቻ አንሥቶ መሄድ ነውር ነው። እንደ ጀማ ንጉሥና ዳና ባሉት የእስልምና ትምህርት ማዕከሎች በሚታወቅ አገር በላጋን አለማንሣት አይቻልም። በላጋ በዓረብኛ የአነጋገር ትምህርት ነው፤ ማዓኒ፣ በያን፣ በዲዕ ተብሎ በሦስት ይከፈላል። ዐብዱልቃሂር ጁርጃኒ በአሥራ አንደኛው ምዕት ዓመት ያጸናው ነው፤ በኋላ የተለመደው ትርጉሙ ደግሞ «ንግግር ከሁኔታው ጋር ሲገጥም» የሚል ነው። በጥንቃቄ ለዪው፦ በላጋ የአርስቶትል ትርጉም አይደለም። የአርስቶትልን ሬቶሪክ ፋራቢ፣ ኢብን ሲናና ኢብን ሩሽድ የተባሉት የእስልምናው ዓለም ፈላስፎች ከሥነ አመክንዮ ጋር አብረው አጥንተውታል፤ በላጋ ግን ከቋንቋውና ከቁርኣን ጥናት የበቀለ ነው። ሁሉም ሕዝብ ያው ነው የሚለውን ስታነቢ አትቸኩዪ። የወሎ መንዙማ አዋቂ ለቦታው የማይመቸውን ቃል ትቶ ሰሚው የሚያለቅስበትን ቃል በአማርኛ ሲመርጥ ግን ከሁኔታው ጋር መግጠም ማለት ምን እንደሆነ ጆሮሽ ይነግርሻል።

ወሰኑንም ልንገርሽ፤ ይህን የሚነግርሽ የንግግር አሠልጣኝ ጥቂት ነው። ሐይቅ አካባቢ አንዲት ወጣት የጤና ባለሙያ በጤና ተቋም ስለመውለድ ስታስረዳ ሰምቻለሁ። ጥሩ ተናጋሪ ናት። መቶኛውንም፣ የደም መፍሰሱንም፣ ሁሉንም አለች። ስትጨርስ አንዲት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው «ልጄ፣ ያልሽው ሁሉ እውነት ነው። ሌሊት ምጥ ቢመጣብን መኪናውን ማን ይጠራልናል? እዚህ እኮ ኔትወርክ የለም» አሏት። መልስ አልነበራትም። ሴትየዋ ቀድሞውኑ አምነዋል፤ የጎደለው መንገድና ስልክ ነው። ያመነን ሰው ደግሞ ደጋግሞ ማሳመን ስድብ ነው። ንግግር የሌለ አምቡላንስ አያመጣም፤ ያልተሰበሰበ መረጃንም አይተካም።

የሦስት ቀኑን ስልጠና በተመለከተ፦ ገንዘብሽን አታውጪ። የሚያስተምሩት ከአምስቱ አንዱን፣ ማቅረብን ነው። አሠልጣኞቹ የጥንቱን የአቴና ተናጋሪ ዴሞስቴኒስን ይጠቅሱልሻል፤ ከንግግር ዋናው ምንድን ነው ቢሉት ሦስቴ «አቀራረብ» አለ ይባላል። እውነት ነው ይባላል፤ ነገር ግን የዚያው ሰው ተቃዋሚዎች ክርክሩ የኩራዝ ጭስ ይሸታል እያሉ ያፌዙበት እንደነበር አይነግሩሽም። ሌሊቱን በሙሉ ሲዘጋጅ ያድር ነበርና።

ኮርሱን ውሰጂው። ከአርስቶትል «ሬቶሪክ» የመጀመሪያዎቹን ሁለት መጻሕፍት አንብቢ፤ ሁለተኛው ላይ ስለ ቁጣ፣ ስለ ፍርሃትና ስለ እፍረት የጻፈው ለበሽተኛ አያያዝ ካነበብሽው ሁሉ ሊሻል ይችላል። ሦስተኛው ስለ አለባበስና ስለ አደረጃጀት ነው፤ ይቆይ። ከዚያ ፈቃድ ጠይቀሽ አንድ ሽምግልና ላይ ተቀመጪ፤ ነገሩ በአራቱ መቆሚያ መካከል መቼ መቼ እንደተዘዋወረ በደብተር ያዢ። ስልክ አውጥተሽ አትቅጂ፣ ሽማግሌዎቹ ቅር ይላቸዋል። ከዚያ በፊት ግን ዛሬ ማታ አያትሽ ዘንድ ቡና አፍልተሽ፣ ዋድላ ሳሉ የተመለሰባቸውን አንድ ቅኔ እንዲነግሩሽ ለምኛቸው። ያለፈላቸውን ሳይሆን የተመለሰባቸውን፤ መምህራቸው ለምን እንደመለሱባቸውም ጠይቂ። ያንን ጽፈሽ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ይዘሽ ግቢ።